ለአዳዲስ የመኖሪያ መንደሮች የውሃ አቅርቦት፦ በወሎ ከተሞች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎችና መልሶች የተዘጋጁት በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያ፣ በሐይቅ፣ በመርሳ፣ በቆቦና በሌሎች የወሎ ከተሞች በማኅበር ተደራጅተው የቤት መሥሪያ ቦታ ለሚጠባበቁ፣ ቦታ ተረክበው ግንባታ ለጀመሩ፣ እንዲሁም አዲስ ቦታ በሚሸነሸንበት ጊዜ ውሳኔ ለሚሰጡ ሁሉ ነው። አብዛኛው ችግር የሚመጣው ቦታው ከተሸነሸነና ካርታ ከተሰጠ በኋላ ውሃው ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ ስለሚጀመር በመሆኑ፣ ጥያቄው ወደ ፊት እንዲቀድም ለማገዝ ተጽፏል።

አንድ አዲስ መንደር ውሃ ተሟልቶለታል የሚባለው ምን ሲኖረው ነው?

በመጀመሪያ በደረቁ ወራትም የማይነጥፍና መጠኑ ተለክቶ የታወቀ የውሃ መገኛ ሊኖር ይገባል። ከዚያ ውሃውን ወደ መንደሩ የሚያደርስ መስመር፣ ቢያንስ የተወሰኑ ሰዓታት ፍጆታ የሚይዝ የማጠራቀሚያ ጋን፣ ለእያንዳንዱ ቤት በበቂ ግፊት የሚያከፋፍል የቧንቧ መረብ፣ የጥራት ክትትል፣ በመጨረሻም ይህን ሁሉ የሚያስተዳድርና የሚጠግን ባለቤት ያስፈልጋል። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል የቀሩት ሥራቸውን አይሠሩም። በአዳዲስ መንደሮች ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚሟላው ለዓይን የሚታየው ቧንቧ ሲሆን፣ የሚዘገየው ደግሞ መገኛውና ጋኑ ነው። ስለዚህ «መስመር ገብቷል» የሚለው መልስ ብቻውን ሊያረካን አይገባም።

ለአንድ ሰው በቀን ስንት ሊትር ይታሰባል?

በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን (ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም.) የወጣው መለኪያ ከተሞችን በሕዝብ ብዛታቸው በአምስት ደረጃ ይከፍላል። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነዋሪ ላለው ከተማ በነፍስ ወከፍ በቀን 100 ሊትር፣ ከ100 ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ለሆነው 80 ሊትር፣ ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ ለሆነው 60 ሊትር፣ ከ20 ሺህ እስከ 50 ሺህ ለሆነው 50 ሊትር፣ ከዚያ በታች ላለው ደግሞ 40 ሊትር ተቀምጧል። ለገጠር ነዋሪ የተቀመጠው በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ 25 ሊትር ነው።

ደሴ በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ 151,174 ነዋሪ ስለነበራት በሁለተኛው ደረጃ ትመደባለች፤ ስለዚህ 80 ሊትር ይታሰብላታል። ይህም በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲለካ ለአንድ ሰው አራት፣ ለአምስት ሰው ቤተሰብ ሃያ ጀሪካን በየቀኑ ማለት ነው። ወልድያ በዚያው ቆጠራ 46,139 ነዋሪ ነበራት፤ ከዚያ ወዲህ ግን አድጋለች። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ዲዛይኑ የሚሠራው ለዛሬው ሳይሆን መስመሩ በሚያገለግልባቸው በመጪዎቹ አሥራ አምስትና ሃያ ዓመታት ለሚኖረው ሕዝብ መሆኑን ነው። በዛሬው ቁጥር ተሰልቶ የተቀበረ ቀጭን ቧንቧ ከተማው አንድ ደረጃ ከፍ ባለ ማግስት ይጠባል፤ ቆፍሮ መቀየሩ ደግሞ ከመጀመሪያው ዝርጋታ የበለጠ ያስወጣል።

ማኅበራችን ብዙ ቤቶች ሊሠራ ነው። የሚያስፈልገንን ውሃ ራሳችን በግምት ማስላት እንችላለን?

ይቻላል፤ ደግሞም ይገባል። የመጨረሻውን ስሌት የሚሠራው የውሃ መሐንዲስ ቢሆንም፣ የማኅበሩ አመራር ግምቱን ካወቀ የሚቀርብለትን ሰነድ አንብቦ መጠየቅ ይችላል።

ለምሳሌ አጎራባች ማኅበራት በጋራ 400 ቤቶች የሚሠሩበት በደሴ ዳርቻ ያለ ቦታ እንውሰድ። በአንድ ቤት አምስት ሰው ቢኖር 2,000 ሰው ይሆናል፤ በ80 ሊትር ሲባዛ በቀን 160 ሜትር ኩብ ነው። መንደር ሲቋቋም አጸደ ሕፃናት፣ መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን፣ ሱቅና ሻይ ቤት መከተላቸው ስለማይቀር ለእነዚህ 10 በመቶ ቢጨመር 176 ሜትር ኩብ ይደርሳል። ከመገኛው ከሚወጣው ውሃ አምስተኛው በየመገጣጠሚያውና በየቆጣሪው ይባክናል ብለን ከተነሣን፣ 176ቱ ሜትር ኩብ ቤት እንዲደርስ 220 ሜትር ኩብ መመረት አለበት። ልብስ የሚታጠብባቸውና በዓል የሚዋልባቸው ቀናት ከአማካዩ ስለሚበልጡ በ1.2 ሲባዛ ከፍተኛው የቀን ፍላጎት 264 ሜትር ኩብ ይሆናል።

ፓምፑ በቀን 16 ሰዓት ብቻ ይሠራል ከተባለ፣ መገኛው በሰከንድ 4.6 ሊትር ያህል መስጠት አለበት። የጋኑ መጠን የከፍተኛው ቀን ፍላጎት አንድ ሦስተኛ ይሁን ቢባል 88 ሜትር ኩብ ስለሚመጣ፣ ባለ 100 ሜትር ኩብ ጋን ይመረጣል። የማከፋፈያው ቧንቧ ውፍረት ግን የሚወሰነው በማለዳና በማታ ሁሉም ቧንቧውን በሚከፍትበት ሰዓት ነው፤ ያ ሰዓት ከአማካዩ እጥፍ ቢሆን መስመሩ በሰከንድ ከ5 ሊትር በላይ ማሳለፍ ይኖርበታል።

እነዚህ ማባዣዎች እንደ ቦታው ይለያያሉ። ነገር ግን ለ400 ቤቶች «በሰከንድ አንድ ሊትር የሚሰጥ ጉድጓድ ተገኝቷል» ተብሎ የምሥራች ሲነገር፣ ይህ የሚያስፈልገውን ሩብ እንኳ እንደማይሞላ በአንድ ወረቀት ላይ ማሳየት ይቻላል።

ቦታ በሊዝ ስንወስድ ውሃ እንዲኖረው ሕጉ አያስገድድም?

በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ በሊዝ ስለመያዝ አዋጅ ቁጥር 721፣ ለጨረታ የሚቀርብ ቦታ ከይገባኛል ጥያቄ ነጻ ከመሆኑና በከተማው ፕላን መሠረት ከመሸንሸኑ በተጨማሪ የመሠረታዊ መሠረተ ልማት አቅርቦት ያለው እንዲሆን ይጠይቃል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ደግሞ ለቤት ውስጥ ፍጆታ የሚውል ውሃ ከሌሎች አገልግሎቶች ሁሉ ቅድሚያ እንዳለው ደንግጓል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 90 የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ዜጎች ንጹሕ ውሃ እንዲያገኙ የሚያስችል ፖሊሲ እንዲኖር ያዛል።

በተግባር የሚታየው ክፍተት «አቅርቦት» የሚለው ቃል በምን እንደሚለካ በውል ሰነዱ ላይ አለመጻፉ ነው። ቦታ የሚረከብ ማኅበር ከከተማው የመሬት ልማት ጽሕፈት ቤትና ከውሃና ፍሳሽ አገልግሎቱ በጋራ የተፈረመ፣ ውሃው ከየትኛው መገኛ፣ በየትኛው ጋን በኩል፣ በምን ያህል መጠንና እስከ መቼ እንደሚደርስ የሚገልጽ ደብዳቤ ቢጠይቅ መብቱን ተጠቀመ እንጂ ማንንም አላስቸገረም። የቃል ተስፋ ኃላፊ ሲቀየር አብሮ ይቀየራል።

ዋናው መስመር በቦታችን አጠገብ ያልፋል። ታዲያ መቀጠል ብቻ አይበቃም?

መስመሩ በአጠገብ ማለፉ የሚነግረን ቧንቧ መኖሩን ብቻ ነው። መጠየቅ ያለበት ያ መስመር በአሁኑ ጊዜ በሳምንት ስንት ቀን ውሃ እንደሚይዝ፣ ሲይዝም ግፊቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ከኋላው ያለው መገኛ ለነባሮቹ ደንበኞች የሚያስፈልገውን እየሰጠ ስለመሆኑ ነው። በፈረቃ በሚሠራ መስመር ላይ አዲስ መንደር ሲቀጠል አዲስ ውሃ አይፈጠርም፤ ያው ውሃ ለብዙ ሰው ይከፋፈላል፤ በመስመሩ ጫፍና በከፍታ ላይ ያሉት ቤቶችም ፈረቃቸው ደርሶ እንኳ ጠብታ አያገኙም። በመሆኑም አዲስ ቅጥያ ጎረቤትን የሚጎዳ ከሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ነባሩ ሠፈርና አዲሱ መንደር የሚጋጩት በዚህ ምክንያት ነውና።

ፈረቃ ሌላም ጉዳት አለው። ውሃው ተዘግቶ ቧንቧው ባዶ ሲሆን በውስጡ ያለው ግፊት ይወድቃል፤ በዚህ ጊዜ በተሰነጠቀ መገጣጠሚያ በኩል በዙሪያው ያለው ቆሻሻ ውሃ ወደ ውስጥ ይሳባል። ውሃው ሲመለስ ደግሞ በቧንቧው የታመቀው አየር እየገፋ ስለሚወጣ፣ ገና አንድ ጣሳ ውሃ ሳይቀዳ የቆጣሪው መርፌ ሲሽከረከር ይታያል። ይህ የነዋሪዎች ጥርጣሬ ብቻ አይደለም፤ በእርግጥም አየር ቆጣሪን ያዞራል። መፍትሔው በመስመሩ ከፍተኛ ቦታዎች ላይ የአየር ማስወጫ ቫልቭ መግጠም፣ ከሁሉ በላይ ግን መስመሩ ሳይቋረጥ እንዲሠራ ማድረግ ነው።

ቦታችን ተዳፋት ላይ ነው። ከላይ ያሉት ቤቶች ውሃ አያገኙም፣ ከታች ያሉት ደግሞ ቧንቧቸው ይፈነዳል። ለምን?

የውሃ ግፊት የሚመጣው ከከፍታ ልዩነት ነው፤ በየ10 ሜትሩ ወደ አንድ ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ይጨምራል፤ ስለዚህ ግፊት በሜትርም ይገለጻል። በተለምዶ በማከፋፈያ መስመር ላይ ግፊቱ ከ15 ሜትር እንዳያንስና ከ60 ሜትር ብዙም እንዳይበልጥ ተደርጎ ይነደፋል። ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች፣ ሠፈሮቿ ሽቅብና ቁልቁል የሆኑ ከተማ ስለሆነች በአንድ መንደር ውስጥ እንኳ ከላይኛው ቤት እስከ ታችኛው 90 ሜትር የከፍታ ልዩነት ሊኖር ይችላል። ጋኑ ለላይኛው ቤት 15 ሜትር ግፊት እንዲሰጥ ተደርጎ ከተሠራ፣ ታችኛው ቤት 105 ሜትር ማለትም ከ10 ባር በላይ ይደርሰዋል። አሥር ባር እንዲችል የተሠራ የፕላስቲክ ቧንቧ ይህን ዘወትር ሊሸከም አይችልም። ሌሊት ሁሉም ሲተኛና ፍጆታው ሲቆም ግፊቱ ይበረታል፤ የቤት ውስጥ ቧንቧና የሻወር ማሞቂያ ብዙ ጊዜ ሌሊት የሚፈነዳው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ተዳፋት ላይ ያለ መንደር በግፊት ቀጠና መከፈል አለበት፤ ለታችኛው ክፍል የግፊት መቀነሻ ቫልቭ ወይም ግፊቱን የሚሰብር መካከለኛ ጋን ይሠራለታል። ከጋኑ አፍ ከፍ ብሎ የተሸነሸነ ቦታ ካለ ደግሞ ለብቻው ማበረታቻ ፓምፕና ጋን ያስፈልገዋል፤ ይህ ወጪ ማን ላይ እንደሚያርፍ ከሽንሸናው በፊት መወሰን ይኖርበታል። በኮምቦልቻ ሜዳማ ክፍል ወይም በቆቦ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ግፊት የሚሰጥ ከፍታ ስለማይገኝ በዙሪያው ካለ ኮረብታ ላይ ጋን ማስቀመጥ ወይም በምሰሶ ላይ የቆመ ጋን መሥራት ግድ ይላል።

በደሴና በመሰል ተራራማ ከተሞች መታለፍ የማይገባው ሌላው ጉዳይ የመሬት መንሸራተት ነው። መሬቱ ሲንቀሳቀስ ቧንቧውን ይበጥሳል፤ የተበጠሰው ቧንቧ ደግሞ አፈሩን አርሶ መንሸራተቱን ያባብሳል። በእንዲህ ያለ ቦታ ላይ ቤት መሠራት አለበት ወይ ብሎ መጀመሪያ መጠየቅ፣ ከተሠራም መተጣጠፍ የሚችል የቧንቧ ዓይነት መርጦ ቧንቧው እንዳያፈስ በየጊዜው መከታተል የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።

ማኅበሩ በራሱ ገንዘብ ጥልቅ ጉድጓድ ማስቆፈር ይችላል?

በአዋጅ ቁጥር 197 መሠረት በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ በማሽን ለሚቆፈር ጥልቅ ጉድጓድ ግን ከሚመለከተው የውሃ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ማግኘት፣ ሥራውንም የብቃት ማረጋገጫ ባለው ቆፋሪ ማሠራት ግዴታ ነው። በእጅ የተቆፈረው ጉድጓድ ከመጸዳጃ ጉድጓዶች ጋር በሚጎራበትበት ከተማ ውስጥ ለመጠጥ መታመን የለበትም።

የወሎ ደጋ በአብዛኛው ባዛልት የተባለ፣ ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ዓለት ነው። በእንዲህ ያለ መሬት ውሃው የሚገኘው በዓለቱ ስንጥቆች፣ በተበላሸው የዓለት ንጣፍና ከአንዱ የላቫ ድርብርብ ወደ ሌላው በሚሸጋገርበት ቦታ ስለሆነ፣ ጎረቤት ግቢ የወጣ ውሃ እኛ ጋ ላይወጣ ይችላል። በቆቦ ጊራና ሸለቆና በቦርከና ዳር ባሉ ዝቅተኛ ቦታዎች ግን ከተራራው ታጥቦ የተከማቸ ደለል ስላለ የተሻለ ዕድል ይኖራል። በየትኛውም ቦታ ቢሆን ያለ ሥነ ምድር ጥናት ማሽን ማስገባት የአባላትን ቁጠባ ለዕድል አሳልፎ መስጠት ነው።

ጉድጓዱ ከተቆፈረ በኋላ እጅግ አስፈላጊው ሥራ የፓምፕ ሙከራ ነው፤ ይህን ማንም ሰው ቆሞ ሊያየው ይገባል። ፓምፑ ተነሥቶ ውሃው ሲወጣ ባለ 200 ሊትር በርሜል ከሥሩ ተደቅኖ በስልክ ሰዓት ይያዛል፤ በ40 ሰከንድ ከሞላ የሚወጣው በሰከንድ 5 ሊትር ነው። በዚያው ጊዜ ሌላ ባለሙያ የውሃው ወለል ስንት ሜትር እንደወረደ በመለኪያ ገመድ እያወረደ ይመዘግባል። መጀመሪያ ወለሉ በፍጥነት ይወርዳል፤ ጤነኛ ጉድጓድ ከሆነ እየዘገየ መጥቶ ይረጋል። ካልረጋና እየወረደ ከቀጠለ ጉድጓዱ ያን ያህል መስጠት አይችልም ማለት ነው። ስለዚህ ሙከራው ሁለትና ሦስት ሰዓት ተሠርቶ የሚቆም ሳይሆን 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚቆይ፣ ፓምፑ ከጠፋም በኋላ ወለሉ ሲመለስ የሚለካበት መሆን አለበት። ያለዚህ መዝገብ ክፍያ መፈጸም አይገባም።

በአካባቢያችን ጥሩ ምንጭ አለ። በእሱ መተማመን እንችላለን?

ምንጭ ፓምፕ ሳይፈልግ በራሱ ቁልቁለት የሚወርድ ከሆነ ከሁሉም የሚመረጥ መገኛ ነው። መለካት ያለበት ግን በመስከረም አይደለም። ወሎ የበልግና የክረምት ዝናብ የሚያገኝ አገር በመሆኑ፣ ምንጩ እጅግ የሚቀንሰው በልግ በቀረበት ዓመት ክረምት ከመግባቱ በፊት ባሉት ሳምንታት ነው፤ የዲዛይኑ መነሻም የዚያ ጊዜ ልኬት ነው። በተጨማሪ ምንጩን ከጥንት ጀምሮ የሚጠጡ፣ ከብት የሚያጠጡና መስኖ የሚያለሙ አርሶ አደሮች ይኖራሉ። ለከተማው መንደር ሲባል እነሱን ደረቅ ማስቀረት ፍትሐዊ አይደለም፤ ስምምነቱ በሽማግሌዎችና በቀበሌው ፊት ተጽፎ ለእነሱ የሚተውላቸው መጠን በግልጽ ይቀመጥ።

ውሃው ንጹሕ መሆኑን በምን እናውቃለን?

ጥርት ብሎ መታየቱ ማስረጃ አይሆንም። ለአዲስ መገኛ የተሟላ የላቦራቶሪ ምርመራ ይደረጋል፤ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ከዓይነ ምድር የሚመጣው ኢ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ፈጽሞ መገኘት የለበትም፤ ፍሎራይድም በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም መብለጥ አይገባውም። ክሎሪን ከተጨመረ ከ30 ደቂቃ በኋላ በሊትር ቢያንስ 0.5 ሚሊ ግራም፣ ቧንቧ ጋ ሲደርስ ደግሞ ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም ቀሪ ክሎሪን መኖር እንዳለበት የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። አዲስ የተዘረጋ መስመርም አፈርና ቆሻሻ ስለማያጣ፣ ታጥቦና ክሎሪን በበዛበት ውሃ ተሞልቶ ከቆየ በኋላ ተጠርጎ ነው ለአገልግሎት የሚከፈተው።

መብራት ሲጠፋ ውሃውም ይጠፋል። ምን ይደረግ?

በፓምፕ የሚሠራ መገኛ ያለው መንደር ተጠባባቂ ጄኔሬተር ወይም በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፓምፕ ታሳቢ ማድረግ አለበት። በጦርነቱ ወቅት በ2014 ዓ.ም. ወራት ሙሉ መብራት በተቋረጠባቸው የሰሜን ወሎ ከተሞች ሕዝቡ ወደ ወንዝና ወደ ምንጭ መውረዱ የቅርብ ጊዜ ትዝታ ነው። ሰፊ ጋን የአጭር ጊዜ መቋረጥን ይሸከማል፤ ለረጅሙ ግን በራሱ የሚወርድ ምንጭ ወይም የእጅ ፓምፕ ያለው ጉድጓድ በመጠባበቂያነት ቢያዝ መልካም ነው።

እያንዳንዳችን በግቢያችን ሮቶ ካስቀመጥን አይበቃም?

ሮቶ የቤተሰቡን ችግር ለአንድ ሁለት ቀን ያቃልላል። የመንደሩን ጋን ግን አይተካም፤ በፈረቃው ቀን ሁሉም በአንድ ጊዜ ሮቶውን ሲሞላ ከላይ ያለው ቤት ይበልጥ ይጎዳል።

የዝርጋታውን ወጪ ማን ይከፍላል? ርክክቡስ እንዴት ነው?

እንደ ከተማውና እንደ ውሉ ይለያያል፤ በብዙ ቦታ ማኅበራት ለቧንቧና ለጉልበት ያዋጣሉ፣ ውሃና ፍሳሽ አገልግሎቱ ዲዛይን፣ ቁጥጥርና ቆጣሪ ያቀርባል። ማኅበሩ ያዋጣበት መስመር ነገ ሌላ መንደር ሊቀጠልበት ስለሚችል፣ ቧንቧው ከመጀመሪያው ለዚያ የሚበቃ ውፍረት እንዲኖረውና የወጪው ድርሻ እንዴት እንደሚካካስ በውሉ ላይ ይግባ።

በርክክብ ጊዜ መስመሩ ከሥራው ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ በሆነ ግፊት ተሞክሮ ሳያፈስ መቆየቱ በጽሑፍ ይረጋገጥ። ቦዩ ሳይደፈን ቧንቧው ስንት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ እንደተቀበረ፣ ከሥሩ አሸዋ እንጂ ድንጋይ አለመኖሩ ይታይ። የመስመሩ ካርታም ቫልቮቹ ከየትኛው አጥር ስንት ሜትር ላይ እንዳሉ የሚያሳይ ይሁን። ኮብልስቶን ተነጥፎ ቫልቩ ከሥሩ ስለተቀበረ አንድ ፍንዳታ ለመዝጋት ሙሉ ሠፈር ውሃ የሚያጣበት ሁኔታ በየከተማው ያጋጥማል፤ በቀለም ምልክት የተደረገበት አንድ የአጥር ድንጋይ ይህን ያስቀር ነበር።

ስለ ፍሳሹስ ማሰብ ያለብን መቼ ነው?

ውሃውን በምናስብበት ዕለት። ወደ ቤት ከሚገባው ውሃ 80 በመቶ ገደማ ፍሳሽ ሆኖ ይወጣል፤ ከላይ ለ400ው ቤቶች ባሰላነው መሠረት በየቀኑ ከ120 ሜትር ኩብ በላይ ነው። ሽንሸናው የመጸዳጃ ጉድጓድ የሚመጠጥበት መኪና የሚገባበት መንገድ እንዲኖረው፣ ጉድጓዱም ከውሃ መገኛ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅ መደረግ አለበት።

ቦታውን ተረክበን ግንባታ ጀምረናል፤ ውሃ ግን እስካሁን የለም። አሁን ምን እናድርግ?

አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት ለማቡካት ብቻ 180 ሊትር ያህል ውሃ ይፈጃል፤ ከዚያም ቢያንስ ለአንድ ሳምንት እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ውሃ በቦቴ የሚገዛ ባለቤት በዚህ ላይ ሲቆጥብ ቤቱ ራሱ ይደክማል፤ ስለዚህ ማኅበራቱ በጋራ ጊዜያዊ ጋን አስቀምጠው በቦቴ ማስሞላትና ወጪውን መካፈል ይሻላቸዋል። ጎን ለጎን ከአጎራባች ማኅበራት ጋር አንድ የጋራ ኮሚቴ ይቋቋም፤ በተናጠል የሚቀርብ ማመልከቻ ለአንድ ማኅበር መስመር ያስቀጥል ይሆናል እንጂ አዲስ መገኛና ጋን አያስገኝም። ኮሚቴው የቤቶቹን ቁጥር፣ የተሰላውን ፍላጎትና ሳይት ፕላኑን አያይዞ ለውሃና ፍሳሽ አገልግሎቱና ለቦርዱ፣ በግልባጭም ለከንቲባ ጽሕፈት ቤቱ ያቅርብ፤ ጥያቄው በመጪው ዓመት በጀት እንዲያዝ ከሰኔ በፊት መግባቱ ይረዳል። ቋሚው ሥራ እስኪጠናቀቅ ደግሞ በመንደሩ መግቢያ ቆጣሪ ያለው፣ ተቆጣጣሪ የተመደበለት አንድ ቦኖ እንዲከፈት መጠየቅ በአጭር ጊዜ ሊፈጸም የሚችል ነገር ነው።